እናቴ ኮምፒዩተር የለመደችበት ክረምት

የጋለ አቧራ በሸተተኝ ቁጥር፣ ነፋስ ስልክ በነበረው ቤታችን የምግብ ጠረጴዛውን ለብቻው ይዞት የነበረው አሮጌ ኮምፒዩተር ትዝ ይለኛል።

እናቴ አስቴር በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና ለዓመታት ስትጽፍ የኖረች ጸሐፊ ነበረች። ግንቦት ላይ መኪኖቹ ተሰብስበው ኮምፒዩተር ሲገባ፣ አለቃዋ በዚህ ዕድሜዋ አዲስ ነገር መልመድ እንደሚከብዳት ነግሯት፣ ያዘነላት መስሎት ወደ መዝገብ ቤት አዛወራት። ያን ቀን ቤት ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አባቴን «ኮምፒዩተር ፈልግልኝ» አለችው። እሱም አንድ ጓደኛው የጣለውን ተሸክሞ መጣ።

ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከሥራ መልስ እዚያ ትቀመጥ ነበር። በጽሕፈት መኪናው ላይ ጣቷ ፊደሉን ሳታይ ያገኘው ነበር፤ አሁን ግን «ለ»ን ለመጻፍ የእንግሊዝኛ ኤልና ኢ መምታት ስለነበረባት፣ እጇ እየተሳሰረባት ትናደድ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ነካክቼ ስለማውቅ ማውሱን ልቀበላት ስል፣ እጄን ገፋ አድርጋ «ንገሪኝ እንጂ አትሥሪልኝ» ትለኝ ነበር። ሶኬቱን ነቅሎ ማጥፋት ክልክል መሆኑን፣ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንደሚገኝ፣ ሁሉንም በደብተሯ ትጽፍ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ እሑድ፣ ሦስት ገጽ እንደጻፈች መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ አንዲት ፊደል አልተረፈችም። ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። እሷ ግን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ አራት ነጥብ ባስቀመጠች ቁጥር፣ የጻፈችው እንዳይጠፋ፣ ኮንትሮልንና ኤስን አብራ መጫን ልማድ ሆነባት።

መስከረም እንደጠባ ሳትጠራ አለቃዋ ቢሮ ገብታ፣ እንዲፈትናት ጠየቀችው። ጊዜ የለኝም ቢላትም ከበሩ ንቅንቅ አላለችም፤ ሲሰለቸው ከአዲሷ ጸሐፊ ጎን አስቀምጦ ደብዳቤ ሰጣት። መሐል ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ የጎረቤቷ ጽሑፍ ጠፍቶ የእሷ ግን እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ተገኘ። አለቃዋ አንብቦ ሲጨርስ ማን እንዳስተማራት ጠየቃት።

«አልችልም ብለው የወሰኑልኝ እርስዎ ነዎት» አለችው፤ «የተማርኩት ግን እኔ ነኝ።»

በሳምንቱ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ያን ቀን ቤት ገብታ ነገረችን፤ ሽሮዋን በልታ ስትጨርስም ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን ስታሻሽ አየኋት።

ዛሬ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ በምሠራበት ቢሮ፣ ኮምፒዩተሩ የጻፍኩትን ራሱ ያስቀምጥልኛል፤ ስልኬም ቃሉን ሳልጨርሰው ይጨርስልኛል። እኔም እናቴ በዚያ ክረምት የነበረችበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ባለፈው ወር አዲስ ፕሮግራም ሲመጣ፣ ልጅ እግሩ ኃላፊያችን በደግ ፊት፣ ለእኛ ለቆየነው ስለሚከብድ ሥልጠናው ለወጣቶቹ ብቻ እንደሆነ ነገረን። መሣሪያው ተቀይሯል፤ ደግነቱ ግን ያው ነው። ሥልጠናው በተጀመረበት ጠዋት ቀድሜ ገብቼ፣ ከፊት ረድፍ ተቀመጥኩ።