የኦቦ ቱፋ መዳፍ ላይ የቀረው ብር

ነገሩ የሆነው አምና፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሁለተኛ እሑድ ነው። ያልረሳሁት የሽምግልና ጉዞ ስለነበር አይደለም፤ በዚያ ወራት አዳማ ውስጥ ነጭ ነጠላ ለብሰው መኪና ውስጥ የተጠጋጉ ሽማግሌዎች ቁጥራቸው ከባጃጅ አያንስም። ያልረሳሁት፣ ለሦስት ዓመት በየካፌው ስናገረው የኖርኩት ፍልስፍና መቂ ውስጥ በሰው ፊት ስለተላጠብኝ ነው።

ከመኪናዬ ልጀምር። አሮጌ አውቶሞቢል ነች። ሞተሯ ደህና ነው፤ የከዳኝ መልኳ ነው። ማስኬሪና የምንለው የፊት ፍርግርጓ፣ የመስኮቶቿ ጠርዝና የበር እጀታዎቿ፣ የውጭውም የውስጡም፣ ስትገዛ ያብረቀርቁ ነበር። ሁላችንም ኒኬል እንለዋለን። ብረት ይመስላል። ከሥሩ ያለው ግን ፕላስቲክ ነው፤ ብረት የሚመስለው ነገር ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው።

መጀመሪያ ከማስኬሪናው ጥግ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል አረፋ ወጣች። የወፍ ኩስ መስላኝ በጨርቅ ፈተግኳት። ክረምቱ ሲወጣ አምስት ሆኑ። በጋ ላይ የአዳማ ፀሐይ ሥራዋን ስትጀምር መኪናዋ ኩፍኝ የወጣባት ልጅ መሰለች። ከዚያ አረፋዎቹ እየፈነዱ ጠርዛቸው ይገለበጥ ጀመር። የተገለበጠው ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ላቫጆ ስወስዳት የሚያጥቡት ልጆች «የአንተን በውሃ ብቻ ነው የምናጥበው፣ በእጅ አንነካም» አሉኝ።

ኒኬሉ የተላጠ መኪና ያለው ሰው ምክር አያጣም። አንዱ የጥርስ ሳሙና ቀባው አለኝ። ሌላው ናፍጣ። የመኪና ዲኮር ቤት ያለው አንድ ወጣት ደግሞ በላዩ ላይ ስቲከር ላልብስልህ አለ፤ ብረት የመሰለውን ፕላስቲክ፣ ብረት በመሰለ ሌላ ፕላስቲክ ልሸፍንልህ ማለቱ ነው። ስልካችን ላይ ፕላስቲክ፣ ሶፋችን ላይ ፕላስቲክ፣ የሶፋው ፕላስቲክ እንዳይቆሽሽ ደግሞ በላዩ ዳንቴል። ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ፣ ውሃው ግን ሦስተኛ ፎቅ የማይደርስ ሕንፃ ሥር ቆሞ ነበር ባለ ዲኮሩ ይህን የሚለኝ።

እኔ ግን መልስ ነበረኝ። «የተላጠ መኪና እውነቱን የተናገረ መኪና ነው» እል ነበር። አድማጭ ካገኘሁ እቀጥላለሁ፤ ፕላስቲክነቷን ያመነች መኪና ብረት ነኝ ከምትለው ትበልጣለች፣ እኔም የማስኬሪናዬን ንስሐ አላቋርጥም። ሰዎች ይስቃሉ። አንዳንዱ ቡናዬን ይከፍልልኛል። ምትክ ዕቃው አዲስ አበባ እንደሚገኝ፣ ሄጄ ለመፈለግ እንደሰነፍኩ ለማንም አልነገርኩም።

ቢኒያም የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ካረፈች ጀምሮ እኔ ግቢ፣ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ይኖራል። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተዛነፈ ስፌት ሲፈልግ ይውላል። እዚያው የምትሠራ ሌንሴ የምትባል የመቂ ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። የቀረው አባቷ ኦቦ ቱፋ ነበሩ።

ኦቦ ቱፋ ሽንኩርት አምርተው ለአዲስ አበባ የሚጭኑ ሰው ናቸው። ከእኛ በፊት ሌላ ጠያቂ ሽማግሌ ልኮባቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና ከመቆማቸው ልጁ ስንት ብር እንዳለው መዘርዘር ጀመሩ። ኦቦ ቱፋ ሰምተው ሲጨርሱ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፌስታል ሽንኩርት አስይዘው «እኔ የምሸጠው ይሄን ነው» ብለው ሸኟቸው። ሌንሴ ይህን ለቢኒያም ነገረችው፤ ቢኒያም ለእኛ። ማስጠንቀቂያው አጭር ነበር፤ ስለ ብር አንዲት ቃል እንዳትናገሩ። አሁንም እምቢ ካሉ ሌንሴን ሻሸመኔ አክስቷ ጋ እንደሚልኳትም ነገረን። ይህን ሲነግረን ድምፁ ደህና አልነበረም።

በዋዜማው ወደ እኔ መጣና ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ብናደርግ ይሻላል አለኝ። ሰውየው ሽንኩርት ሲገዙም ሲሸጡም መጀመሪያ የሚያዩት ልጣጩን ነው አለ። እኔም ፍልስፍናዬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበነብኩለት። አዳምጦ ሲጨርስ «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ከሰላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው «እሺ ጋሼ» ሲል አልተስማማም ማለት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበርን። ዋናው ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ፣ በሰፈራችን ያለ እሳቸው ቃል ልጅ ተሰጥቶ የማያውቅ። ሁለተኛው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ፣ ነገሩ ወደ ኦሮምኛ ከዞረ እንዲይዙልን። ሦስተኛው እኔ፣ መኪና ስላለኝ።

ጠዋት ስወጣ መኪናዋ ታበራለች። ቢኒያም ያጠባት መሰለኝ። የሾፌሩ በር እጀታ፣ የውጭውም የውስጡም፣ ተሰብሮ በጥቁር ከተተካ ቆይቷል፤ ስለዚህ እኔ የነካሁት ነገር የለም። ለሁለቱ ሽማግሌዎች በር የከፈተውም የዘጋውም ቢኒያም ነው፣ በጨርቅ ይዞ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ኮራሁ። ስልኬን፣ ለሽምግልና እንደሚገባ፣ ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩ።

ከአዳማ እንደወጣን ጋሽ ወርቁ አንድ ነገር ይሸተኛል አሉ። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ናቸው አልኳቸው። ሞጆን አለፍን። ቆቃን አለፍን። አለም ጤና ስንደርስ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ ሞጆ መቂ ድረስ አብራን ልትሄድ ነው እንዴ?» አሉ። ነፋስ ነው አልኩ። የማላውቀውን ነገር በእርግጠኝነት መናገር የቆየ ልማዴ ነው።

በቀረው መንገድ ጋሽ ወርቁ የሚናገሩትን ሲለማመዱ ነበር። «ብር የምትል ቃል ከአፌ አትወጣም» እያሉ በየመሐሉ ይምላሉ።

ከአፋቸው አልወጣችም።

መቂ ደርሰን ኦቦ ቱፋ በር ላይ ቆምን። ጋሽ ወርቁ የውስጡን እጀታ ጨምቀው ከፈቱ፣ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለኦቦ ገመቹ እኔ ከውጭ ከፈትኩላቸው። ኦቦ ቱፋ አጥራቸው በር ላይ ወጥተው ጠበቁን። «አካም ጂርቱ? ነጋ ዳ?» እየተባባሉ እሳቸውና ጋሽ ወርቁ እጅ ለእጅ ተያይዘው ለረጅም ጊዜ ተነቃነቁ። ጋሽ ወርቁ ቀጥለው የኦቦ ቱፋን ባለቤት ጨበጡ። ቀጥለው የኦቦ ቱፋን ታላቅ እህት፤ አማርኛ ብዙ የማይሰሙ አሮጊት ናቸው። ሁሉንም በሁለት እጅ፣ በሙሉ ልብ።

ሳሎን ገብተን ቆምን። በደንቡ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ኦቦ ቱፋ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሱና መዳፋቸውን አዩ።

መዳፋቸው ያበራል። የጣቶቻቸው ሥር ሳይቀር አንጸባራቂ ግራጫ ሆኗል።

«ጋሽ ወርቁ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገና ልጅህን ስጠን ሳትሉኝ መዳፌ ላይ ብር አስቀመጣችሁ?»

ተቆጥተው ይሁን ቀልደው መለየት አልቻልንም። ጋሽ ወርቁ የራሳቸውን መዳፍ ዘርግተው አዩ። የነጠላቸውን ጥለት አዩ፤ አምስት የብር ጣቶች ታትመውበታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

ያኔ ገባኝ። ቢኒያም ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ የብረት በር የሚቀባበትን ብርማ ቀለም ማስኬሪናውንም፣ ጠርዙንም፣ እጀታዎቹንም፣ የውስጡን ጭምር ቀብቷቸዋል። የውጭው ነፋስ ስላገኘው ደርቋል። የውስጡ ላይ ግን አረፋዎቹ ቀለሙን በየተሰነጠቁበት ጠጥተው፣ ከላይ የደረቁ መስለው ከሥር አቁረውታል። ጋሽ ወርቁ ሲጨምቁት ሁሉም ባንድ ጊዜ ፈነዳ። የሞጆ ነው ያልኩት ሽታም እሱ ነበር።

ነገሩን ያባሱት ኦቦ ገመቹ ናቸው። አሮጊቷ ምን ተፈጠረ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። ኦቦ ገመቹ በቅንነት ተረጎሙላቸው። ችግሩ፣ አማርኛው «ብር» ሁለት ነገር ነው፤ የኪሱም ብር፣ የጌጡም ብር። ኦሮምኛው ይለያቸዋል። ኦቦ ገመቹ ከሁለቱ «ሜቲ» የሚለውን መረጡ፣ የጌጡን። አሮጊቷ ፊታቸው በራ። እንግዶቹ የብር ጌጥ ይዘው መጥተዋል ማለት ነው። የታለ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የተዘረጋው እጅም ብር ነበር።

ኦቦ ቱፋ ወጥተው ወደ መኪናዋ ሄዱ። እኛም ሳንቀመጥ፣ ሳንናገር፣ ተከተልናቸው። እንዲህ ያለ ሽምግልና ጋሽ ወርቁ አይተው አያውቁም፤ ከኋላዬ ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል።

ኦቦ ቱፋ በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉ። እጀታውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር፣ ልክ ሽንኩርት እንደሚፈትሹ፣ ጫር አደረጉት። ብርማው ቀለም ተነሳ። ከሱ ሥር አሮጌው ኒኬል ተነሳ። ከዚያ ሥር ግራጫው ፕላስቲክ ወጣ። «ስንት ነው ልጣጩ?» አሉ። ቀጥለው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ማነው የቀባው?»

ቢኒያም ነው ብል ልጁ አለቀለት፤ ገና ሳይገባ የሚሸፋፍን አማች ማን ይፈልጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ግልጽነት ያስተማርኩ ሰውዬ አፌን ከፈትኩና «እኔ ነኝ» አልኩ። «ትንሽ እንዲያምር ብዬ ነው።» ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ የት ነው፣ በስልክ ላናግረው አሉ። ስልኬን ሳወጣ አሥራ አንድ ያልተነሱ ጥሪዎች አሉበት፤ ሁሉም የቢኒያም። እጄ ላይ እያለ አሥራ ሁለተኛው መጣ።

«ያንሱት፤ ድምፁንም ይልቀቁት» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ለቀቅኩት። ቢኒያም ሃሎ እንኳ አላለም።

«ጋሼ፣ የውስጥ እጀታዎቹን እንዳትነኩ፣ አልደረቁም። ሳትነሳ እኔ ነኝ የቀባኋቸው። ጋሽ ወርቁ ነክተውት ከሆነ ለኦቦ ቱፋ ልጁ ነው የቀባው በሏቸው። ፈርቼ ነው በሏቸው።»

ኦቦ ቱፋ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ።

«ልጁ ቀብቶ ቀባሁ አለ» አሉ። «እርስዎ ሳይቀቡ ቀባሁ አሉ። ሽማግሌው የትኛችሁ ናችሁ?»

ያዳኑን ኦቦ ገመቹ ናቸው። «ደግነቱ፣ ቱፋ፣ የሚያገባው ልጁ ነው» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሌንሴ ነበረች፤ ከጓሮ በኩል ቆማ ስታይ ኖሯል። ከዚያ እናቷ። ኦቦ ቱፋ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ሌንሴ ነጭ ጋዝና ሳሙና አመጣች። የሚሰጡና የሚቀበሉ ወገኖች በአንድ ቧንቧ ሥር ተሰልፈን እጃችንን ፈተግን። ጋሽ ወርቁ የተለማመዱትን ንግግር እዚያው፣ እስከ ክንዳቸው አረፋ ሆነው፣ ተናገሩት። በሽምግልና ዘመናቸው ካደረጓቸው ንግግሮች ሁሉ አጭሩ ነበር።

ኦቦ ቱፋ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን። ሁለት ነገርም አዘዙ፤ ስንመለስ በሚኒባስ እንድንመጣ፣ ለእህታቸውም የጠየቁት ነገር እንዲቀርብላቸው። ፌስታል ሽንኩርት አላስያዙንም። በቀጠሮው ቀን በሚኒባስ ሄድን፣ ከአዳማ የገዛሁትን ቀጭን የብር አምባር ይዘን። አሮጊቷ አምባሩን ከማጥለቃቸው በፊት በነጠላቸው ጫፍ ፈተግ ፈተግ አድርገው እጃቸውን አዩ። ሌንሴና ቢኒያም በጥር ተጋቡ። መኪናዬ በአጀቡ ውስጥ እንድትገባ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

መኪናዋን አላሠራኋትም። ግማሿ ተልጧል፣ ግማሿ ብር ነው፣ እጀታው ላይ ደግሞ የኦቦ ቱፋ ጥፍር የጫረው ግራጫ ቦታ አለ። ለምን አታሠራትም ሲሉኝ አሁን ስለሰነፍኩ ነው እላለሁ። ሰው አይስቅም። ቡናዬንም የሚከፍልልኝ የለም።

ጋሽ ወርቁ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ከተጨባበጡ በኋላ መዳፋቸውን ገልብጠው ያያሉ። ለቀልድ ነው ይላሉ። እኔ ግን እሳቸው ዞር ሲሉልኝ የራሴንም አያለሁ፤ ለቀልድ አይደለም።