ሦስት ጊዜ የታጠበው ኩባያ

ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤቴ ለቀን ሠራተኛው ውኃ ሰጥታ፣ ጠጥቶ ሲመልስላት ኩባያውን ደጋግማ ስታጥብ አይቼ ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ አብነት ሰፈር ሰንበት ትምህርት ቤት እማር ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ስለ ፈሪሳውያን ሲያስተምረን፣ «ጽዋውን ከውጭ ያጠራሉ፣ ልባቸው ግን ቆሻሻ ነው» አለን። ሰዱቃውያን ጋ ሳይደርስ እረፍት ሆነና በአንድ ኩባያ ተራ በተራ ውኃ ጠጣን። አባቷ ቀጥቃጭ ስለሆነ ሰፈሩ «ቡዳ» የሚላት ልጅ ጠጥታ ስትመልስለት፣ መምህሩ ኩባያውን ሦስት ጊዜ አጠበው። ሌሎቻችን ስንጠጣበት ግን አንዴም አላጠበውም።

በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ አላስቻላቸውም። «አንተ መምህር፣ ፈሪሳውያን ድሮ የቀሩ መስሎህ ነው?» አሉት።

ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጎረቤቴን ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን ቀን ከልጅቷ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር፤ ኩባያው በመታጠቡ ደስ ብሎኝ ነው የጠጣሁት።