አቡዋራ የለውም

ልጅ እያለሁ ፓተንት የሚባል ሰው ቤታችን እንደሚመጣ አምን ነበር። አባቴ ማታ ከሥራ ሲገባ፣ ከጸጉሩና ከቅንድቡ ላይ የጀሶ ዱቄት እያራገፈ «ፓተንቱ ይምጣ ብቻ!» ይላል። ፓተንቱ ሲመጣ ሰፋ ያለ ቤት እንከራያለን። ፓተንቱ ሲመጣ እማዬ በደንብ ትታከማለች። እኔም ከረቫት ያሰረ፣ ሻንጣ የያዘ ወፍራም ሰውዬ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርድ ይታየኝ ነበር። የሚያሳስበኝ የት እንደምናስተኛው ብቻ ነበር፤ ያለችን አንዲት ክፍል ናትና።

ክፍሏ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አደይ ለተይ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበረች። አባቴና እናቴ ከደሴ የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴ ጀሶ ሠራተኛ ነው። ሓወልቲ አካባቢ አዲስ ሆቴል ወይም ካፌ በተከፈተ ቁጥር እጄን ይዞ ይወስደኝና፣ ሳንገባ፣ በበሩ በኩል ጣሪያው ላይ ያለውን የጀሶ አበባ ያሳየኛል። «ያቺን አየሻት? የኔ ናት።» እናቴ ደግሞ እኔ በምማርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነበረች። ሌላው ትምህርት ሁሉ በትግርኛ ነው፤ አማርኛ ግን አንድ የትምህርት ዓይነት ስለሆነ ክፍሎቹን በሙሉ እየዞረች የምታስተምረው እሷ ነበረች።

እኩዮቼ ጠመኔን የማትረሱት ይመስለኛል። ጠዋት ክፍል ስንገባ የሚቀበለን ያ ደረቅ ሽታ፣ ዳስተሩን ከውጭ ግድግዳ ጋር እያላተምን የምናስነሳው ነጭ ጉም፣ ሰሌዳ ለማጥፋት የነበረው ሽሚያ። ስብርባሪውን በኪሳችን ደብቀን ወጥተን ሲሚንቶው ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንሠራበት ነበር። የሚበሉትም ነበሩ፤ ስም አልጠራም። ለእኛ ጨዋታ የነበረው ዱቄት ግን ለእናቴ በሽታ ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ታስል ነበር። ኋላ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ለማንበብ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። ሐኪሙ ከአቧራ እንድትርቅ ነገራት። ርዕሰ መምህሩም አዝነው፣ ሕመሙ ካልተሻላት በሚቀጥለው ዓመት ማስተማሩን ትታ መዝገብ ቤት እንድትቀመጥ እንደሚያደርጉ ገለጹላት። እማዬ ያን ቀን ራት አልበላችም። ከሰሌዳ ፊት መቆምን ከምንም ነገር በላይ የምትወድ ሴት ናት።

አባቴ ጠመኔ መሥራት የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ጠመኔም ጀሶ ነው፣ ጀሶ ደግሞ ሥራዬ ነው አለ። የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ውስጡን ዘይት ቀብቶ፣ በጎማ አስሮ ቅርጽ ማውጫ አደረገው። ጀሶውን በውኃ ሲበጠብጥ ነጭ የእንጨት ኮላና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይጨምርበታል። የረጋውን ጠመኔ አውጥቶ እርጥበቱ እንዳይለቀው ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር ክዳን ባለው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖረዋል። እርጥብ ጠመኔ ሲጽፍ አይቦንም፤ ኮላው ደግሞ ዱቄቱን ይይዘዋል። ነገሩ ይህ ነበር። ቤታችን ለሳምንታት ኮላና ሳሙና ሸተተ። አንድ ቀን ማታ ቀለም የተቀባች ጣውላ ላይ ስሜን ጽፎ ወዲያው በጨርቅ ጠረገውና ጨርቁን ለእማዬ አራገፈላት። ምንም አልቦነነም። እማዬ ጠመኔውን ተቀብላ ጣቷን አየች፤ ጣቷም ንጹሕ ነበር። አባቴ ያን ጊዜ የሳቀውን ሳቅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

የፈጠራ ሥራ በመንግሥት እንደሚመዘገብ፣ ከተመዘገበም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም ሠርቶ መሸጥ እንደማይችል በሬዲዮ ሰምቶ ነበር። ወፍራሙ እንግዳዬ ፓተንት እንግዲህ ይህ ኖሯል። አባቴ ግን ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ጠመኔው በትምህርት ቤት ተሞክሮ እንዲመሰከርለት ፈለገ። ርዕሰ መምህሩ ለእናቴ ሲሉ እሺ አሉ፤ በወላጆች ቀን ይታያል ተባለ።

የኔ መከራ የጀመረው ግን ከዚያ ቀን በፊት ነው። የአራተኛ ክፍል አስተማሪያችን የወላጆቻችንን ሥራ በየተራ እያስነሳ ጠየቀን። ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ወታደር ተባለ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ፈጠራ» የሚለውን የአባቴን ቃል በራሴ መንገድ ወደ ትግርኛ መልሼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ኣቦይ ፈጣሪ እዩ» አልኩ። አባቴ ፈጣሪ ነው ማለቴ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪያችን ራሱ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። «መሃዚ ማለቷ ነው፤ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው» ብሎ ሊያድነኝ ሞከረ፤ ግን አልፎ ነበር። ከኋላዬ የሚቀመጠው ክብሮም፣ «ኣንቲ፣ እስኪ ለአባትሽ ንገሪውና የነገውን የሒሳብ ፈተና ያስቀርልን!» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ትዕግሥት መሆኑ ቀርቶ ጓል ፈጣሪ ሆነ፤ የፈጣሪ ልጅ።

እኔ ግን ብዙም አልተከፋሁም፤ የወላጆች ቀን ሲደርስ ሁሉም ያያል ብዬ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ጠመኔው ስም አውጥቶ ነበር። በተሰባበረው ሰኞ ማክሰኞ ሠርተን አደይ ለተይ በማግሥቱ ሲጠርጉት መስመሩ አልጠፋ ብሎ ሁላችንም ጉድ አልን። አባቴ ተጠርቶ መጣና ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ አሸው። «አያችሁ ጥንካሬውን!» አለ። አደይ ለተይ መጥረጊያቸውን ተደግፈው፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ ለሰው ከማሳየትህ በፊት እስኪ አሳድረው። ነገር ሲያድር ነው መልኩ የሚለየው» አሉት። አባቴ እንደ ምርቃት ቆጥሮ አሜን አለ።

በወላጆች ቀን ስብሰባው የተደረገው እኛ ክፍል ነበር፤ ሰፊው እሱ ስለሆነ። አባቴ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ መጣ፤ እጅጌው ትንሽ አጥሮታል። ወላጆች በእኛ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ ከትምህርት ቢሮ የመጡ እንግዳ ከፊት ነበሩ። እኛ ተማሪዎች በግድግዳው ዙሪያ ቆመናል። ርዕሰ መምህሩ ሲጠሩት አባቴ ተነሥቶ፣ ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጻፈ። «ይህ ጠመኔ አቡዋራ የለውም።»

አባቴ የተማረው እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። እኔ በ«ቧ» ፈንታ «ቡዋ» ብሎ መጻፉን አላየሁም፤ እማዬን ነው ያየሁት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያም ሆኖ ሰሌዳው ሥር አንዲት ብናኝ እንኳ አልወደቀችም፤ ሰው አጨበጨበ። አባቴ አሁን ደግሞ ሊያጠፋው ዳስተሩን ሲያነሣ እንግዳው፣ «ቆይ ወንድሜ፣ ይቆይ፤ በዚሁ ጥቂት ነገር ልበል» ብለው ተነሡ። ጥቂቱ ነገር ረዘመ። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ወላጆች ድርሻ፣ ስለ ኢንዱስትሪ ተናገሩ። አባቴ ዳስተሩን እንደያዘ ከጎናቸው ቆሞ ነበር። ከኋላው ጽሑፉ ይደርቅ ነበር።

ንግግሩ አልቆ አባቴ ዳስተሩን ሲያሳርፍ ምንም አልሆነም። ደግሞ ጠረገ። «አንዴ ጠበቅ ላድርገው» ብሎ ሳቅ አለ። ጠበቅ አደረገው። ጨርቅ በውኃ ነክሮ አሸ። ቤት ያቺ ጣውላ ላይ ሁልጊዜ ወዲያው ነበር የሚጠርገው፤ ጣውላዋም ልሙጥ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ግን ሻካራ ሲሚንቶ ነው። ጀሶው ከነኮላው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ነበር። በመጨረሻ በሱፉ እጅጌ ማሸት ሲጀምር ከወላጆቹ መሐል አንዱ፣ «ኣታ፣ ይሄስ ለመቃብር ድንጋይ ነው የሚሆነው!» አለ። ሳቁ ከፊት ተነሥቶ እስከ ግድግዳው ድረስ መጣ። እማዬ ከመምህራኑ ተርታ ተነሥታ ሄደችና ዳስተሩን ቀስ አድርጋ ከእጁ ወሰደች። «የትዕግሥት አባት፣ ይበቃል። ና እንቀመጥ» አለችው። አልተቀመጠም። ቆርቆሮውን ከደነና በሩን ከፍቶ ወጣ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ነበር፤ ግድግዳው ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ለእኛ ለልጆቹ «ይቅርታ ልጆች፣ አሁን ይጠፋል» አለንና መፋቅ ጀመረ። እኛ ተቀምጠን እናያለን። ክብሮም ከኋላዬ ሆኖ፣ «ጓል ፈጣሪ፣ ፈጣሪ ዓለምን በስድስት ቀን ፈጠረ፤ ያንቺ አባት ግን ሰሌዳችንን በአንድ ቀን ፈጀው» አለ። አባቴ የሰማ ይመስለኛል፤ እጁ ትንሽ ቆም ብሎ ቀጠለ። «ይህ ጠመኔ» የሚለው እንደ ምንም ተፋቀ፤ ግን የሰሌዳው ቀለም አብሮት ተላጦ ሲሚንቶው አገጠጠ። ርዕሰ መምህሩ ሮጠው መጥተው፣ «ኧረ በቃ፣ በቃ ወንድሜ! ሰሌዳውንማ አትጨርስብን» ብለው አስቆሙት። አባቴ ወለሉ ላይ የራገፈውን በእጁ ጠርጎ፣ በወረቀት ቋጥሮ ይዞት ሄደ።

ሰሌዳው እስኪቀባ ድረስ፣ ያን ዓመት በሙሉ፣ ከፊታችን «አቡዋራ የለውም» ተጽፎ ኖረ። አስተማሪዎች በዙሪያውና በላዩ ላይ ይጽፋሉ፤ ያጠፋሉ፤ እሱ ይመለሳል። የተራው ጠመኔ ዱቄት እላዩ ላይ ያርፋል። እማዬም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እሱን ከኋላዋ አድርጋ ታስተምረን ነበር። ዲቃላ ፊደላትን የተማርንበት ቀን አንዲት ልጅ፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እዚያ ላይ ታዲያ ለምን በ'ቧ' አልተጻፈም?» እማዬ ሳትዞር፣ «የጻፈው ሰው ቸኩሎ ነው» አለች። ከዚያ ሳል ያዛትና ወደ በሩ ወጣች።

በሚቀጥለው ዓመት እማዬ መዝገብ ቤት ገባች። አባቴም ማመልከቻውን አላስገባም፤ ቆርቆሮዎቹ አንድ ቀን ከአልጋ ሥር ጠፉ፤ የኮላና የሳሙናው ሽታም ከቤታችን ወጣ። ፓተንት የሚለውን ቃል ማንም አያነሣም ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ እጄን ይዞ ያደርሰኝ የነበረው አባቴ ከዚያ ወዲህ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው ወፍጮ ቤት ጋ ሲደርስ፣ «ከዚህስ አንቺው ትሄጃለሽ» ይለኝና በገበያው ጀርባ ዞሮ ይሄዳል። የሱ መንገድ ይረዝም ነበር። እኔ ግን እፎይ እል ነበር፤ እፎይ ማለቴም ያሳፍረኝ ነበር።

ያ ሁሉ አለፈ። ትምህርት ቤቶች የተዘጉባቸው እነዚያ ክፉ ዓመታትም አለፉ፤ እኔም ዘግይቼ ዘንድሮ እዚሁ መቐለ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በዚህ ሴሚስተር መምህራችን አንዳንድ የተመዘገበ የፈጠራ ሥራ እየመረጣችሁ፣ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚመረት አስረዱ አለን። ሌሎቹ የብረት ማቅለጫና የሲሚንቶ ምድጃ መረጡ። እኔ ለማንም ሳልናገር ጠመኔ ብዬ ፈለግሁ። ለካ ብዙ አገር ብዙ ሰው አቧራ የሌለው ጠመኔ ሠርቶ አስመዝግቧል። ጆሮዬ እየጋለ አነበብኩ። አንዱ ማጣበቂያውን ከጀሶው ጋር አይቀላቅለውም፤ ጠመኔው ከደረቀ በኋላ ከውጭ በስሱ ይቀባዋል፤ ጽሑፉም ሰሌዳ ላይ አይቀርም።

ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ከሥራ የመጣበትን ጀሶ ከእጁ እየታጠበ ነበር። ውኃ እያፈሰስኩለት ያነበብኩትን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን ብቻ ያሽ ነበር።

«ከውጭ ብቻ?» አለ።

«ከውጭ ብቻ። በስሱ።»

«እሱንማ አስቤው ነበር።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። በዚያው ሳምንት።»

«ታዲያ ለምን አልሞከርከውም አባዬ?»

ቀና ብሎ አየኝ። የቁጣ መልክ አልነበረውም። «በማን ሰሌዳ ላይ፣ ልጄ?» አለ።

የማፈሰው ውኃ ማለቁን ያየሁት በኋላ ነው። ዛሬ የምማርበት አዳራሽ ሰሌዳው ነጭ ነው፤ በማርከር ይጻፍበታል፤ በጣት እንኳ ይጠፋል። ልነግረው አስቤ ተውኩት። ልጅ እያለሁ ፊቴን የሚያቀላው ሰው ሁሉ አባቴን ማየቱ ነበር። አሁን ያን ሰሌዳ የሚያስታውስ ብዙ ሰው የቀረ አይመስለኝም፤ የሚያሳፍረኝ አባቴ ያኔ ከሰሌዳው ፊት ሆኖ፣ በእሱ ያፈረውን የኔንም ፊት አይቶ እንደነበር ማወቄ ነው። ፎጣውን አቀበልኩት፤ እጁን እየጠረገ፣ «በይ ግቢ፣ ምሳ ቀርቧል» አለኝ።