ፍሌክሱን ያስቆሙልኝ ሰው

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ባለቤቴ በሾፌርነት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር በተላከበት ወቅት ነው። እስካሁን የማልረሳው ሞትን በቅርብ ስላየሁት ብቻ አይደለም። ያዳኑኝ ሰው የመጡት ሊይዙኝ ነበር።

ባለቤቴ ታደሰ መካኒክም ሾፌርም ነው። ሐዋሳ ታቦር ባለው ግቢያችን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ለዓመታት አብሬው ስለሠራሁ እጄ ለመሣሪያ ባዳ አልነበረም። እሱ ሲሄድ ለእኔና ለአማቴ የቀረን መተዳደሪያ ቡሹሎ ያለው የሽንኩርት ማሳችን ነው። ውኃ የምንስብበት የናፍታ ሞተር የጭስ ቱቦ ከመግጠሚያው ተሰበረ። መለዋወጫ ጠፋ። አስበየድኩት፤ ብየዳው ግን ጎርብጦ አልገጥም አለ። ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀምሯል።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አማቴ ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ።

ቱቦውን ብረት ጨብጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አጥብቄ፣ መነጽር አድርጌ፣ አፍና አፍንጫዬን ለአቧራው በሻርፕ ሸፈንኩ። የውጪውን ጉብታ ፍሌክስ በምንለው የኤሌክትሪክ መሞረጃ አሳምሬ አነሳሁት። ለውስጡ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መሞረጃ ድንጋይ የሚገባበት ድሪል ነበረን። እሱን ማንሳት ሲገባኝ፣ እጄ ላይ ባለው ልጨርሰው ብዬ የፍሌክሱን ዲስክ ወደ ቱቦው አስገባሁ።

ዲስኩ ተቀረቀረ። ማሽኑ ወደ ደረቴ ተስፈንጥሮ የሻርፔን ጫፍ ነከሰ። ማብሪያው አንዴ ከቆለፉት እጅ ቢለቀውም መሥራቱን የማያቆም ዓይነት ነው። ሻርፑ እየተጠቀለለ ማሽኑን ወደ አንገቴ ሳበው። በሁለት እጄ እገፋዋለሁ፤ ማብሪያውን ላጥፋ ብዬ አንዱን ብለቅ አንገቴ ላይ ነው።

ድንገት ጸጥ አለ።

ቀና ስል ጠመንጃ ያነገቱ ሸምገል ያሉ ሰው የነቀሉትን ሶኬት ይዘው ቆመዋል። ለቀበሌው አዲስ የመጡ አብዮት ጠባቂ ናቸው፤ አይቻቸው አላውቅም። ከስብሰባ የቀሩትን ሰብስበው እንዲያመጡ ታዘው፣ በር ቢያንኳኩ የሚሰማቸው ስላጡ ገፍተው ገብተዋል። ሻርፑን በቢላዋ ቆርጠው አላቀቁኝ። አንገቴ ከመላጡ በቀር ደህና ነበርኩ።

ለምን እንደቀረሁ ጠየቁኝ። የሞተሩን፣ የሽንኩርቱን፣ የታደሰን ነገር አስረዳኋቸው። የሳቸውም ልጅ ሰሜን እንዳለ ነገሩኝ። ልከተላቸው ስነሳ ቱቦውን አዩት።

«ምን ያህል ቀረሽ?»

«ትንሽ ነው፣ ጋሼ። ግን በዚህ አይደለም፤ በድሪሉ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያው ጨርሺ። እኔ ሶኬቱን እጠብቃለሁ።»

ጠመንጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን ከሶኬቱ ሳያነሱ ቆሙ። ጸጉሬን አሰርኩ፤ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ድሪሉን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሳልጫን፣ ድንጋዩ ራሱ ጉብታውን እንዲበላ እየተውኩ ውስጡን ዞርኩት። ስጨርስ ጣቴን ሰድጄ ዳሰስኩት፤ ለስልሷል።

ለቀበሌው ምን እንዳሉ አላውቅም፤ የጠራኝ ግን የለም። በማግስቱ ሞተሩ ተነሳ፣ ሽንኩርቱም ውኃ ጠጣ።

ታደሰ ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሰ፤ አብረን ጋራዥ ከፈትን። ፍሌክስ ዛሬም አልፈራም። የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ለይቼ ነው የማነሳው፤ አንገቴ ላይም ምንም አላስርም። እኚያ ሰው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። የልጃቸውን ስም እንኳ ሳልጠይቃቸው መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።