ከቀዩ ምልክት በላይ

ትእዛዙ የደረሰን ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሬዲዮናችንን ይዘን ወደ ሰሜኑ ተራራ እንድንወጣ። ጦርነቱ ከተጀመረ ሳምንት አልሞላውም። እኔ ገና የሃያ ዓመት ልጅ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ልጆቼ፣ ስለዚያ ተራራ ስለምትጠይቁኝ አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ጫፉ ላይ አንቴናችንን ተከልን። እናቴ «ከፍ ካለ ቦታ ጸሎት ይሰማል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ለስግድ፣ ለጸሎት በዓላችን፣ ኮረብታ የምንወጣው ለዚህ ነው። የሬዲዮም ነገር እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ቴክኒሻናችን ዳዊት ግን በሬዲዮው የኃይል መጨመሪያ ማዞሪያ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገ።

«ከዚህ እንዳታልፊ።»

«ከተማችን አሽዶድ ስንለማመድ እስከ መጨረሻው እናዞረው አልነበር?»

«እሱ ከባሕሩ አጠገብ ነው፣ እኅቴ። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ኤሌክትሪኩን አያግደውም። ኃይሉ ከበዛ ከአንቴናው ጫፍ ያመልጥና ሁሉንም ያቃጥለዋል።»

ሸለቆው ውስጥ አሥራ ሁለት ወታደሮች ነበሩን። ሬዲዮ የያዘው ስንታየሁ የአሽዶድ ልጅ ነው፤ እሱ የሮቫ ዳሌት ሰፈር፣ እኔ የሮቫ ሔት። ዓርብም ቅዳሜም ጧት «የሮቫ ሔቷ እመቤት፣ ደመናው ላይ ቁርስ ደረሰ?» ብሎኝ ነበር።

እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የሚመለሱበት የወንዝ መንገድ በጠላት እጅ መግባቱን ሰማን። ስንታየሁን ጠራሁት። «በወንዙ አትመለሱ።» መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ከሬዲዮው ሽውሽውታ በቀር አልሰማሁም።

«ኃይል ጨምሪ» አለ መፋቄዳችን፣ የቡድናችን አዛዥ። ዳዊት ከታች ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ለአዛዡ ቀዩን ምልክት አሳየሁት።

«ልጆቹ ያልቃሉ። ጨምሪ።»

ጨመርኩ።

አንቴናው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ታየ። እንደ ጋለ ዘይት ተንጣጣ። ከዚያ ሬዲዮው ጠፋ። ዳዊት እየሮጠ መጣ። አልተቆጣኝም። የተቃጠለውን ቆርጦ አዲስ ሽቦ እስኪቀጥል ሩብ ሰዓት ሄደ። በመካከሉ ከሸለቆው ተኩስ ሰማን።

መስመሩ ሲመለስ ኃይሉን ከምልክቱ በታች አድርገን ነበር። የመለሰልኝ የማላውቀው ድምፅ ነው።

«በወንዙ ገባን። ስንታየሁ የለም።»

ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ተመለሱ። ሦስቱን ቀበርን። ከቆሰሉት አንዱን ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት።

«ድምፅሽ ተቆራርጦ ይደርሰን ነበር» አለኝ። «ስንታየሁ ‹ዝም በሉ፣ ትደግመዋለች› ብሎ አስቆመን። ጠበቅን። ስትጠፊብን ጊዜ ተነሥተን በወንዙ ሄድን።»

ማንም አልከሰሰኝም። ለዘጠኙም፣ ለእናንተም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ አሽዶድ ወደቡ አጠገብ፣ ጤዛ በወረደበት ጧት የኤሌክትሪክ ሽቦው ሲንጣጣ እጃችሁን አጥብቄ የምይዘው ለዚህ ነው።

ለስግድ ስንወጣ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔ የሦስቱን ስም ዝቅ ባለ ድምፅ እጠራለሁ። ከዚያ እደግመዋለሁ።