የሳጃናው ርካሽ ስልክ

በሰው አገር፣ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ፣ ወሎ ስልክ መደወል ማለት ደሞዝን ምጣድ ላይ እንደወደቀ ቅቤ ሲቀልጥ ቆሞ ማየት ነበር። ኢቲሳላት ከምንለው የስልክ ሱቅ ገብቼ መጀመሪያ ለነጋዴው ጎረቤታችን እደውላለሁ። "ቤተሰቦቼን ይጥሩልኝ" ብዬ ቶሎ እዘጋለሁ። ሰው ተልኮባቸው እስኪመጡ ደጃፉ ላይ እጠብቅና እንደገና እደውላለሁ። ከዚያ ደግሞ ሰላምታው አለ። የወሎ ሰው ሰላምታ እንኳን በስልክ ፊት ለፊት ቆመውም አያልቅም፤ ሰውን ጨርሶ ወደ ከብቱ፣ ከከብቱም ወደ አዝመራው ይዘልቃል። እኔና የአገሬ ልጆች ለዚህ መላ ዘየድን፤ ሰላምታውን ካሴት ላይ እየቀዳን በመንገደኛ እንልክና ስልኩን ለቁም ነገር እናስቀረዋለን። እህቴ ግን ካሴቱን ሰምታም "ጤናሽስ? ደህና ነሽ ወይ?" ማለቷን አልተወችም። "ደህና መሆኔን ካሴቱ ነግሮሻል፤ ወደ ጉዳይሽ ግቢ!" እያልኩ እጮህባት ነበር።

ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። እናቴ ወደ ስልኩ መምጣት ተወች። "እማዬስ?" ስል እህቴ "ገበያ ወጥታ ነው" ትለኛለች። በሌላ ጊዜ "ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች" ትላለች። የእናቴን ድምፅ ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ።

የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሞቶም እንደሆነ ስደተኛው ብቻውን እንዳይሰማ "ገበያ ወጣ" ይባላል፤ ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ወገን ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። ስለዚህ ማለዳ በመጣ ቁጥር ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር።

አንድ አርብ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት የአገሬ ሴቶች ቶብ የሚባለውን የአገሩን ረጅም ነጠላ ተከናንበው ቆመዋል። ከፊት ያሉት አል-ሳሃፋ ሰፈር የሚኖሩት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አሮጊት ናቸው። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት "እማዬን! ወይኔ እማዬን!" ብዬ ጮህኩና መሬት ላይ ተዘረርኩ። እነሱ ደግሞ መርዶ በሌላ በኩል የደረሰኝ መስሏቸው የያዙትን ዘንቢል ጥለው አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ። እትዬማ እናቴን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ ግን "እንዲያ ያለች ደግ ሴት!" እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። የቤቱ እመቤት በሌሊት ልብሷ ወጥታ "ኢንና ሊላህ" እያለች ፊቴ ላይ ውኃ ረጨችብኝ።

ትንፋሽ ሳገኝ "መቼ ነው የሞተችው?" አልኳቸው።

እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ "እኛ ምን እናውቃለን? አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትነግሪን?" አሉ።

"ታዲያ በዚህ ማለዳ ምን አመጣችሁ?"

"ሳጃና ሰፈር በኢንተርኔት የሚያስደውል ሱቅ ተከፈተ፤ ወላሂ በነፃ ነው ማለት ይቻላል! ሰው ሳይበዛ ያላ እንሂድ ልንልሽ ነው የመጣነው።"

ሁለቱ ሴቶች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያለቀስኩት ለቅሶ ሐሰት መሆኑን ማን ነገረኝ? የእናቴን ድምፅ ካልሰማሁ ሆዴ አይመለስም። ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ በሀፍላው፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍረን ሄድን።

የሳጃናው ስልክ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነው፤ ቃሉም ዘግይቶ ይደርሳል። ጎረቤታችን እህቴን አስጠራልኝ።

"እማዬስ?" አልኳት።

"ገበያ ወጥታ…"

"ገበያችን ቅዳሜ አይደለም እንዴ? በአርብ የምን ገበያ ነው! ከሞተች በአላህ ንገሪኝ!"

  "ኧረ እዚሁ አጠገቤ ናት" አለች፤ "ሁልጊዜም እዚሁ ናት። ጆሮዋን ከጆሮዬ ለጥፋ ትሰማሻለች። ድምፅሽን ስትሰማ እንባዋ ይቀድማታል፤ 'የልጄን ላብ በለቅሶ አልጨርስባትም፤ አንቺ አውሪ፣ እኔ እሰማለሁ' ብላ እምቢ አለችኝ።"

ለካ ያን ሁሉ ዓመት "ወደ ጉዳይሽ ግቢ!" እያልኩ ስጮህ እናቴም ትሰማ ኖሯል። አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

"ስጪልኝ" አልኳት።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳሏን ነው። ያንን ሳል የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። ቀጥሎ "ልጄ" አለች። ስትንሰቀሰቅ ቆየችና እንደመባነን ብላ "ዝጊው፣ ዝጊው ልጄ፣ ገንዘብሽ አለቀ!" አለችኝ።

ዞር ብዬ ባለሱቁን አየሁት። ሻዩን ፉት እያለ ነው፤ የቸኮለ አይመስልም።

"አልዘጋም እማዬ" አልኳት። "እዚህ ርካሽ ነው። እስኪወጣልሽ አልቅሺ።"