ቁጥር የሌለው ስም

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የባሰ ብዙ ነገር አይተናል። ያን ቀን ግን ከሁሉም ለይቼ አስታውሰዋለሁ፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ የያዘ ሰው ፊት ቆሜ እምቢ ያልኩበት ቀን ስለሆነ ነው። ዛሬም ቢሆን አልጸጸትም።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ። ስድስት ዓመት ሳዑዲ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የአሠሪዬ እናት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ ደም ግፊት ነበረባቸው። በየማለዳው ከሁሉም ሥራ በፊት ግፊታቸውን በትንሽ ማሽን እለካለሁ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ኪኒናቸውን እሰጣለሁ። አንድ ቀን ብረሳ ቤቱ በጩኸት ይናጋል። ሴትዮዋ ትቻቸው እስክመጣ ድረስ በገዛ እግራቸው ይሄዱ ነበር።

አምስተኛው ዓመት ላይ ከቤት ተደወለልኝ። አባቴ አውድማ ላይ ማሽላ ሲወቃ ወደቀ፤ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ገና ስድሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ታሞ ተኝቶ አያውቅም። በኋላ ብጠይቅ ባጣራ፣ ግፊቱን አንድም ቀን የለካው ሰው የለም። እኔ የሰው እናት በየቀኑ ስለካ የኔን አባት የሚለካው ጠፋ። ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው አለኝ። የአላህን ነገር አልክድም፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

አገሬ የገባሁት ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ጭኖ ይመጣል። እኔ በደመወዜ የገዛሁትን የግፊት መለኪያ ይዤ መጣሁ። አክስቴ ሻንጣዬን እስከ ታች ፈትሻ ሌላ ነገር ስታጣ፣ ስድስት ዓመት የደከምሽው ለዚህ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

የመጀመሪያዋ ተለኪ እናቴ ናት። ቁጥሩን ሳይ ደነገጥኩ። እሷ ግን ምኔንም አያመኝም አለች። እየተጨቃጨቅን ሐይቅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ በተለያየ ቀን ደጋግማ ለካቻትና ኪኒን አስጀመረቻት። ጨው እንድትቀንስ፣ ደህና ነኝ ብላም ኪኒኑን እንዳታቋርጥ ነገረቻት። ለኔ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ፤ ለክተሽ ወደኛ ላኪ እንጂ ከእናትሽ ኪኒን ለማንም እንዳትሰጪ አለችኝ።

ሰፈራችን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ከቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከትዕግስት ጋር ተነጋግረን ጎረቤቱን መለካት ጀመርኩ። ከፍ ያለበትን እሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ሴቶቹ አላስቸገሩኝም። ወንዶቹ ግን ክንዳቸውን ከሚሰጡኝ በሬያቸውን ቢሰጡኝ ይቀላቸዋል። ደህናውን ሰው በሽተኛ ታደርጋለች ብለው አሙኝ። ይበሉ ብዬ ቀጠልኩ።

የተለካውን ሰው ስምና ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሳዑዲ የለመድኩት ነው። የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ የአባቴ ስም አለ። ከጎኑ ቁጥር የለውም። ለምን እንደጻፍኩት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለትዕግስትም ቢሆን።

ያን ሰሞን መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በረታ። የእናቴ ኪኒን ደግሞ ለአራት ቀን የሚሆን ብቻ ቀርቶ ነበር። እናቴ ይቅርብኝ፣ በዚህ ቀን አትውጪ ብላ ለመነችኝ። አባቴን አንዴ ቀብረነዋል፣ አንቺን አልደግምም አልኳትና ወጣሁ። ማሽኑንና ደብተሩንም ያዝኩ። ሲስተሯ የኔን ማሽን በየወሩ ከጤና ጣቢያው መለኪያ ጋር ታስተያየዋለች፤ የልኬቱንም ዝርዝር ታያለች።

ከሰፈራችን በባጃጅ ተነሳሁ። የገጠሩ መንገድ ከዋናው አስፋልት የሚገናኝበት ቦታ ላይ የፍተሻ ኬላ ተተክሏል። ዱላና ገጀራ የያዙ ወጣቶች አሉ፤ አንድ ሽበታም ሚሊሻ ደግሞ አሮጌ ጠመንጃ አንግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከነሱ አንዱንም አላውቀውም። መታወቂያ ሲሉኝ ሰጠሁ። ከሳዑዲ ከመጣሁ ወዲህ አላሳደስኩትም ነበር፤ ጊዜው አልፎበታል። ያኔ ቦርሳሽን ክፈቺ አሉኝ።

መጀመሪያ ያወጡት ማሽኑን ነው። በዓረብኛ የተጻፈበት ሣጥን፣ ከውስጡ ቱቦ ያለው ነገር፣ መስታወት የመሰለ ፊት። አንዱ ልጅ ቁልፉን ሲነካው ጢጥ አለ። ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። ቀጠል አድርገው ደብተሩን አወጡ። ስም፣ ከስሙ ጎን ሁለት ሁለት ቁጥር፣ ስም፣ ሁለት ቁጥር። በዚያ ወቅት ጸጉረ ልውጥ የሚባለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ደብተሩን ራሴ ባገኘው ኖሮ እኔም ሰላይ ናት እል ነበር።

ባጃጁን የሚነዳው ሰው ያሳደገኝ ጎረቤት ነው። አላውቃትም፣ መንገድ ላይ አሳፈርኳት አለ። የገዛ እናቱ ስም ደብተሩ ላይ አለ! እሱንም ተናግሬ ላስይዘው ቃጣኝና ተውኩት።

ደብተሩን የያዘው ወጣት ቀጭን፣ ነገረኛ ዓይን ያለው ልጅ ነው። ጂፒኤስ ነው፣ ቁጥሩም የቦታ ምልክት ነው ብሎ ለሰው አስረዳ። ለፍተሻ የቆሙት ሚኒባሶች ተሳፋሪ ወርዶ ከበበኝ። የግፊት መለኪያ ነው እያልኩ ብለምን የሚሰማኝ ጠፋ። ሌላው ልጅ ማሽኑን መሬት አስቀምጦ ድንጋይ አነሳ። ቀጭኑ ልጅ ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ቁጥር የሌለው ማነው? አለቃችሁ ነው?»

እስከዚያ ድረስ እፈራ ነበር። የአባቴ ስም ላይ የሱን ጣት ሳይ ፍርሃቱ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

«አባቴ ነው» አልኩ። «ቁጥር የሌለው ሳይለካ ስለሞተ ነው።»

ማሽኑን ከመሬት አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ድንጋይ የያዘው ልጅ አስቀምጪ ብሎ ጮኸ። እምቢ አልኩ። ሽማግሌው ሚሊሻ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ምን ሆኖ ሞተ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ አውድማውን፣ ግማሽ ጎኑን፣ ሦስተኛውን ቀን።

«አባባ፣ ክንድዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። «ሰላይ ከሆንኩ እዚሁ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ? ከለካሁዎት በኋላ ስበሩት።»

ወጣቶቹ ፈንጂ ቢሆንስ፣ እንዳይሰጧት አሉ። ሽማግሌው ግን ጠመንጃቸውን ለአንዱ አቀብለው የሹራባቸውን እጅጌ መጠቅለል ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ማሽኑ ባትሪው ቢደክምብኝስ ብዬ ቀልቤ ተገፈፈ።

ግፊት ዝም ብሎ አይለካም። ሰውየው አምስት ደቂቃ አርፎ መቀመጥ አለበት፤ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ረግጦ፣ ሳያወራ። በዙሪያው ጫጫታ ካለም ጥሩ አይደለም። ድንጋያቸውን ወደ አንዱ ሚኒባስ አስጠግቼ፣ ጀርባቸውን ጎማው ላይ አስደግፌ አስቀመጥኳቸው። ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል እንዲሆን ጠመንጃውን በያዘው ልጅ ጉልበት ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሬ ማንም ቃል እንዳይተነፍስ አልኩ።

ወላሂ ኬላው በሙሉ ጸጥ አለ። ሾፌሮቹ ሞተር አጠፉ። ገጀራ የያዘውም፣ ሕፃን ያዘለችውም አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለው ቆሙ። ቀጭኑ ልጅ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሽማግሌው በዓይናቸው ገሰጹት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የልቤን ምት የሚሰሙብኝ መስሎኝ ነበር።

ማሽኑ አጉረመረመ፣ ክንዳቸውን ጨመቀ፣ ለቀቀ። መቶ ዘጠና በመቶ አሥር። ጥቂት ቆይቼ ደገምኩት፤ ለውጥ የለውም። አባባ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል፣ ዛሬውኑ መታየት አለብዎት አልኳቸው።

«እኔን እኮ ምኔንም አያመኝም» አሉ።

«አባቴንም አያመውም ነበር» አልኳቸው።

ቀጭኑ ልጅ ማሽኗ ትዋሻለች አለ። ና አንተም ተቀመጥ አልኩት። ሳይወድ በግድ ተቀመጠና ለካሁት፤ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። ደህና መሆኑን ስነግረው ሳያስበው ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሊወግሩኝ የነበሩት ሰዎች እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተሰለፉ።

ሽማግሌው ደብተሩን ከልጁ እጅ ተቀብለው ሰጡኝ። «ይመር ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «ቁጥሬንም ከጎኑ አድርጊ።»

ጻፍኩ። ግን በዚያ አላበቃሁም። አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳቸው። ኬላውን ለማን ትቼ ብለው አመነቱ። እንግዲያው እኔም አልሄድም፣ እናቴም ኪኒን ትጣ ብዬ መንገዱ መሐል ቁጭ አልኩ። ሰዉ ሳቀ። አያ ይመር፣ «ይህች ሴት አትለቀኝም» አሉና ኬላውን ለአንድ ጎልማሳ አስረክበው፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። አላውቃትም ያለው ሾፌራችን እስከ ሐይቅ ድረስ ዞር ብሎ አላየኝም።

ሲስተሯ አያ ይመርን ራሷ ለክታ፣ መርምራ በዚያው ቀን ኪኒን አስጀመረቻቸው። መንገዱ እንደማያስተማምን አይታም ለእሳቸውም ለእናቴም የሦስት ሦስት ወር ሰጠች። ደብተሬን አገላብጣ፣ ኪኒን የሚወስዱት ሁሉ ነገ ተነገ ወዲያ መጥተው የሦስት ሦስት ወር ይውሰዱ አለችኝ። ስመለስ ቤት ለቤት እየዞርኩ ተናገርኩ። የሄደ ሄደ፤ ያልሄደም አለ።

ከዚያ ጦርነቱ ገባ። ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀረ፤ ኪኒን የሚባል ነገር በአገሩ ጠፋ። ማሽኑን በሻሽ ጠቅልዬ የማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀብሬ አቆየሁት። እናቴ አንድም ቀን ኪኒኗን አላቋረጠችም። ተኩስ ሲሰማ እንኳ በግራ እጄ እሷን ይዤ በቀኜ ውኃ አቀርብላት ነበር። ባጃጅ ነጂው በዚያው ሰሞን በጓሮ በር መጥቶ እናቴን ለኪልኝ አለኝ። አላውቅህም ልለው አምሮኝ ነበር፤ ሄጄ ለካሁለት።

ነገሩ ከበረደ በኋላ ጤና ጣቢያው እንደገና ሥራ የጀመረ ጊዜ፣ ተራ ስንጠብቅ አያ ይመር ከሰልፉ መሐል ጠሩኝ። ከስተዋል፤ ቤታቸው ተቃጥሎ አምባሰል ዘመድ ጋ ተሰደው ነበር የከረሙት። ከደረት ኪሳቸው ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አውጥተው አሳዩኝ።

«በስደትም አላቋረጥኩም» አሉኝ። «አንቺን ፈርቼ።»

ስለ ቀጭኑ ልጅ ጠየቅኳቸው። ዘምቶ አልተመለሰም አሉኝ። ስሙና ቁጥሩ ደብተሬ ላይ አለ፤ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። አላህ ይዘንለት፤ ያን ቀን ፈገግ ያለው አይረሳኝም።

ዛሬም መለካቴን አልተውኩም። ሠርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም ማሽኔን ይዤ እገባለሁ። ደህናውን በሽተኛ ታደርጋለች የሚሉኝ አሁንም አሉ። ክንዳችሁን አምጡና ከዚያ ስደቡኝ እላቸዋለሁ። ድንጋይ ካነሳብኝ ሰው ፊት ያልሸሸሁ፣ ሐሜት ፈርቼ አልቆምም።

ያ ደብተር ሞልቶ ሁለተኛ ጀምሬያለሁ። ቁጥር የሌለው ስም ግን እስከ ዛሬ የአባቴ ብቻ ነው። በኔ መንደር ሌላ እንዲህ ያለ ስም አልጽፍም።